አራቱ ዛፎች

እኔ ባደግሁባት አጥቢያ አዳራሽ ውስጥ፣ ከመድረኩ በስተግራ፣ ሦስት አግዳሚ ወንበሮች አሉ። ክረምት ገብቶ መስኮቱ ሲዘጋ ጥድ ጥድ ይሸታሉ። ሽታውን የማውቀው ግን ወንበሮቹ ከመሠራታቸው በፊት ነው። እንጨቱ በግቢያችን ጥግ ቆሞ የነበረ ጥድ ነው፤ የወደቀ ዕለት ገመዱን ከሳቡት ወጣቶች አንዱ እኔ ነበርኩ።

ክፉ ያሰበ ሰው አልነበረም። አዳራሹ ጠብቦን ነበር፤ ምእመናን ከሌላቸው ላይ ገንዘብ አዋጥተዋል፤ ዛፉ ደግሞ አዲሱ መሠረት በሚያልፍበት መስመር ላይ ቆሟል። ጸለይን፣ ቆረጥን። ዛፍ ለመቁረጥ ፈቃድ የሚጠየቅ አካል ይኖር ይሆን ብሎ ያሰበ ከመካከላችን አንድም አልነበረም፤ ማስፈቀድ ይገባን እንደ ነበር የሰማነው ቅርንጫፉ ሁሉ ተለቅሞ ካለቀ በኋላ ነው። የዚያን ዕለት ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩ አንዲት እናት ወጥተው ግንዱን ትንሽ አዩና፣ “ልጆቼ፣ ይህን የተከለውን ሰው ታውቁታላችሁ?” አሉን። አናውቅም ነበር። ሥራ በዝቶብን ስለ ነበረም መልሱን አልጠበቅንም።

ወጣቶች፣ ይህን የማወራችሁ ስለ እኛ ግቢ ልጽፍ አስቤ አይደለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በመጽሐፍ ቅዱስ ስለ ሊባኖስ ዛፎች የሚናገሩትን ክፍሎች ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ድሮ የማነበው ስለ ቤተ መቅደሱ ነበር። አሁን እንጨቱን ማን ቆረጠው፣ ማን ተሸከመው፣ ማን ፈቀደ፣ ማን ከለከለ፣ ተራራውስ በመጨረሻ ምን ሆነ እያልኩ አነባለሁ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ “የሊባኖስ ዝግባ” የሚለውን ስናነብ ብዙዎቻችን የምናስበው በደቡብና በምዕራብ ኢትዮጵያ የምናውቀውን ዝግባ ነው። ሁለቱ ግን የተለያዩ ዛፎች ናቸው፤ ተርጓሚዎቻችን ለሕዝቡ የሚቀርበውን የግዙፍ ዛፍ ስም ሰጡት እንጂ የሊባኖሱ ዛፍ በአገራችን ደን ውስጥ አይበቅልም። ሊባኖሳውያን “አርዝ” ይሉታል፤ “አርዘ ሊባኖስ” የሚለው የግዕዝ ስምም ያንኑ ቃል ይዟል። ከዚህ በኋላ አርዝ እያልኩ እቀጥላለሁ።

አገሩን በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉት። ቤይሩት ለሥራ የሄደች እህት ወይም አክስት ያላችሁ ሰምታችሁት ይሆናል፤ በክረምት ከባሕሩ ዳር ቆሞ ቀና ያለ ሰው በረዶ የለበሰ ተራራ ያያል። የባሕሩ ዳርቻ ጠባብ ነው፤ ተራራው ወዲያው ከኋላው ይነሣል፣ ጫፉም ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ጢሮስ፣ ሲዶናና ጌባል በዚያች ጠባብ ዳርቻ የተደረደሩ ከተሞች ነበሩ። አርዙ የሚያድገው ከበላያቸው፣ ከ1,300 እስከ 2,000 ሜትር አካባቢ ባለው ከፍታ ላይ ነው። እንጨቱ ቀጥ ያለ፣ መዓዛው ደስ የሚል፣ ነቀዝ የማይደፍረው፣ ቶሎ የማይበሰብስ ነው። ዕድገቱ ግን ዝግ ያለ ነው። አንድ አርዝ ፍሬ መያዝ የሚጀምረው ወደ አርባ ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

እንዲህ ያለ እንጨት ከባሕር አጠገብ መብቀሉ ለከተሞቹ ሀብት፣ ለዛፉ ደግሞ መዘዝ ሆነ። ግብፅ ረጅም ግንድ አልነበራትም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2600 አካባቢ የነገሠው ፈርዖን ስነፍሩ አርባ መርከብ ሙሉ የአርዝ እንጨት እንዳስመጣ በድንጋይ ላይ ተቀርጿል። የልጁ የኩፉ መርከብ በ1954 እ.ኤ.አ. ከታላቁ ፒራሚድ አጠገብ ከተቀበረበት ጉድጓድ ሲወጣ ርዝመቱ ከ43 ሜትር በላይ ሆኖ ተገኘ፤ አብዛኛው አካሉ የሊባኖስ አርዝ ነው። ከአርባ አምስት ክፍለ ዘመን በኋላ እንጨቱ አልጠፋም።

በዚያ ዘመን ዛፉን የሚጠብቅ ደንብ ነበረ ወይ? እኔ ካነበብኳቸው ሁሉ ወደዚህ ጥያቄ በጣም የሚያቀርበኝ የዌናሙን ታሪክ ነው። ዌናሙን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1075 ገደማ፣ ማለትም በመሳፍንት ዘመን መጨረሻ አካባቢ፣ ለአሞን ቤተ መቅደስ ታንኳ የሚሆን እንጨት እንዲያመጣ ወደ ጌባል የተላከ ግብፃዊ ነው። ታሪኩ በፓፒረስ ላይ ተጽፎ ተገኝቷል፤ እውነተኛ ዘገባ ይሁን ወይም የተዋበ ትረካ ምሁራን ይከራከራሉ። ሰውየው በመንገድ ላይ በገዛ መርከቡ ሰው ተዘረፈ። ባዶ እጁን ጌባል ሲደርስ የከተማይቱ ገዥ ዘከርባዓል ሃያ ዘጠኝ ቀን ሙሉ “ከወደቤ ውጣ” እያለ መልእክተኛ ላከበት። በመጨረሻ አስጠራው። ገዥው የተቀመጠው በሰገነቱ መስኮት ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ነው፤ ከራሱ በስተኋላ የባሕሩ ማዕበል ይታያል።

ዌናሙን እንጨቱ ለአምላክ ቤት የሚሆን ነው፣ አባቶችህም ሰጥተዋል ብሎ ሞገተው። ዘከርባዓል ምን አደረገ መሰላችሁ? የአባቶቹን የሒሳብ መዝገብ አስመጥቶ በፊቱ አስነበበ። አባቶቼ የሰጡት ተከፍሏቸው ነው፣ አንተስ ምን ይዘህ መጣህ አለው። በመጨረሻ ከግብፅ ወርቅና ብር፣ የተልባ እግር ልብስ፣ አምስት መቶ የበሬ ቆዳ፣ አምስት መቶ ገመድ፣ ሃያ ከረጢት ምስር፣ ሠላሳ ቅርጫት ዓሣ መጣለት። ያን ጊዜ ሦስት መቶ ሰውና ሦስት መቶ በሬ ወደ ተራራው ላከ። ዛፎቹ ተቆርጠው ክረምቱን እዚያው ተጋደሙ፤ በበጋ ወደ ባሕሩ ዳር ተጎተቱ።

ስለዚህ ደንብ ነበር፤ ያለ ገዥው ፈቃድ አንድ ግንድ አይወርድም። ነገር ግን ደንቡ የሚጠብቀው ዋጋውን ነበር። ዛፉ ቢቆም ወይም ቢወድቅ የመዝገቡ ጉዳይ አልነበረም።

ከአንድ መቶ ዓመት ገደማ በኋላ የምናውቀው ታሪክ ይመጣል። 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 5ን ክፈቱ። ሰሎሞን ወደ ጢሮስ ንጉሥ ወደ ኪራም ይልካል፤ ኪራምም አርዝና ጥድ አስቆርጦ በባሕር ላይ በታንኳ አስሮ ሊያደርስለት ይስማማል፤ ሰሎሞን ደግሞ በየዓመቱ ሃያ ሺህ የቆሮስ መስፈሪያ ስንዴና ዘይት ይከፍላል። ይህን በሰንበት ትምህርት ቤት ሁላችንም ተምረናል። ምዕራፉ ግን ሌላም ቁጥር አለው፤ አስተማሪዎቻችን በችኮላ የሚያልፉት፣ እኔም ለዓመታት ስታስተምሩኝ በነበራችሁት ፊት በችኮላ ያለፍኩት። ሠላሳ ሺህ ገባሮች ተመልምለዋል። አሥር ሺህ፣ አሥር ሺህ እየሆኑ አንድ ወር በሊባኖስ፣ ሁለት ወር በቤታቸው ይሆናሉ። ከእነርሱ ሌላ ሰባ ሺህ ተሸካሚ፣ ሰማንያ ሺህ ድንጋይ ጠራቢ አለ። የገባሮቹ አለቃ ስም ተጽፏል፤ አዶኒራም ይባላል።

አሁን ወደ ምዕራፍ 6 እና 7 እለፉና ልኩን አነጻጽሩ። ቤተ መቅደሱ ርዝመቱ ስድሳ ክንድ፣ ወርዱ ሃያ ክንድ ነው፤ በሰባት ዓመት አለቀ። “የሊባኖስ ዱር” የተባለው የሰሎሞን ቤት ርዝመቱ መቶ ክንድ፣ ወርዱ ሃምሳ ነው፤ ስሙ ራሱ የመጣው ከአርዝ ዓምዶቹ ብዛት ነው። የንጉሡ ቤት ሥራ በጠቅላላ አሥራ ሦስት ዓመት ፈጀ። ጥያቄው የተጀመረው ለእግዚአብሔር ስም ቤት ለመሥራት ነበር፤ በመጨረሻ ግን ሰፊው ቤት የንጉሡ ሆነ። የመጽሐፉ ጸሐፊ በዚህ ላይ ምንም አይናገርም፤ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ያልፋል።

ዕዳውም ከስንዴ አለፈ። በምዕራፍ 9 ሰሎሞን በገሊላ ያሉ ሃያ ከተሞችን ለኪራም ሲሰጠው እናያለን፤ ኪራም ሄዶ አያቸው፣ ደስም አላሰኙትም። በእነዚያ ከተሞች የሚኖሩ ሰዎች ምን እንዳሉ አልተጻፈም። የአዶኒራም ፍጻሜ ግን ተጽፏል። ሰሎሞን ሞቶ ልጁ ሮብዓም ቀንበሩን አከብዳለሁ ባለ ጊዜ፣ ሕዝቡን እንዲያረጋጋ የተላከው የገባሮቹ አለቃ ነበር፤ በዚያ ቦታ አዶራም ተብሎ ተጠርቷል። ሕዝቡም በድንጋይ ወገረው። መንግሥቱ ለሁለት የተከፈለው በዚያ ሰሞን ነው። ምክንያቱ ብዙ እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ጣዖቱም አለ፣ የአኪያም ትንቢት አለ። ነገር ግን በዚያ ድንጋይ ከወረወሩት መካከል ከሦስት ወር አንዱን በሊባኖስ በረዶ ውስጥ ግንድ ሲጎትት ያሳለፈ አባት የነበረው ሰው አልነበረም ብላችሁ ታምናላችሁ?

ከዚያ በኋላ የመጡት የአሦርና የባቢሎን ነገሥታት ስንዴም አልከፈሉም። አሦራውያን የሊባኖስን አርዝ መቁረጣቸውን እንደ ጦር ድል እየቆጠሩ በግንብ ላይ ጻፉት፤ ኢሳይያስ 37 ላይ ሰናክሬም የተወቀሰበት ትምክህት ይህ ነው። ናቡከደነፆር በሰሜን ሊባኖስ ዋዲ ብሪሳ በሚባል ሸለቆ ውስጥ በገደሉ ላይ ምስሉን ከጽሕፈት ጋር አስቀርጿል፤ ለአርዝ ማውረጃ መንገድ ተራራ እንደ ሰነጠቀ ይናገራል። ኢሳይያስ 14 ደግሞ የዚህን ዓይነቱ ንጉሥ ሞት ሲናገር ደስ ያላቸውን ወገኖች ይቆጥራል፤ ከእነርሱ አንዱ የሊባኖስ ዛፎች ናቸው። አንተ ከተኛህ ወዲህ ቆራጭ አልወጣብንም የሚል መንፈስ ያለው ንግግር ነው። ለስብከት ብዙ ጊዜ የምንጠቀምበት ምዕራፍ ነው፤ ዛፎቹን ግን አንጠቅሳቸውም።

በፋርስ ዘመን አንድ አዲስ ነገር ብቅ ይላል፤ የደን ጠባቂና የመቁረጫ ፈቃድ። ነህምያ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ445 ወደ ኢየሩሳሌም ሲነሣ ከንጉሡ ከአርጤክስስ የጠየቀው የመሄድ ፈቃድ ብቻ አልነበረም። ለንጉሡ ዱር ጠባቂ ለአሳፍ የሚሰጥ ደብዳቤ ጠየቀ፤ እንጨቱ ለምን ለምን እንደሚውልም ዘረዘረ፤ ለግንቡ በሮች፣ ለከተማይቱ ቅጥር፣ ለሚገባበት ቤት። አሳፍ የጠበቀው ዱር በሊባኖስ ይሁን በኢየሩሳሌም አቅራቢያ አስተያየቱ ይለያያል። እኔን የሚነካኝ ሌላ ነው። የእግዚአብሔር እጅ በእርሱ ላይ እንደ ነበረች የሚመሰክር ሰው፣ ለእግዚአብሔር ከተማ የሚሆን እንጨት ሊቆርጥ፣ መጀመሪያ ወረቀት ያዘ። እኛ ለግቢያችን ጥድ ያላደረግነውን።

ይህን ሁሉ ካለፍን በኋላ ወደ ድንጋዮቹ እንደርሳለን።

በ1860 እና በ1861 እ.ኤ.አ. ኤርነስት ረናን የተባለ ፈረንሳዊ ምሁር የሊባኖስን ተራሮች እየዞረ ጥንታዊ ጽሑፎችን ሰበሰበ። (ይህ ሰው በጌታችን ሕይወት ላይ በጻፈው መጽሐፍ ከእኛ እምነት ጋር የማይስማማ ነው፤ ድንጋዮቹን ግን በትክክል ቆጥሯል።) ከጌባል በላይ ባሉት ተራሮች፣ በገደልና በቋጥኝ ላይ፣ ተመሳሳይ የላቲን ፊደላት ደጋግሞ አገኘ። ዛሬ የታወቁት ወደ ሁለት መቶ ይደርሳሉ። ቀራጮቹ ቃሉን ሙሉ አልጻፉም፤ የመጀመሪያ ፊደላትን ብቻ አስቀመጡ። ሲነበብ የንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን ስም፣ የደኑ ወሰን እዚህ ነው የሚል ምልክት፣ በብዙዎቹም ላይ አራት ዓይነት ዛፎች የተከለሉ መሆናቸውን፣ የቀሩት ግን ለግለሰቦች መተዋቸውን ይናገራል።

ሐድሪያን ከ117 እስከ 138 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የሮም ንጉሠ ነገሥት ነበር፤ የአይሁድን ዓመፅ ደምስሶ በኢየሩሳሌም ፍርስራሽ ላይ የአረማውያን ከተማ የሠራው እርሱ ነው። አራቱ ዛፎች የትኞቹ እንደ ሆኑ ድንጋዩ አይዘረዝርም፤ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች አርዝ፣ ጥድ፣ ሳይፕረስና ፈር የሚባለው የጥድ ዘመድ ናቸው ይላሉ። ለመርከብና ለትልልቅ ሕንጻ የሚሆኑት እነዚህ ናቸውና። እስቲ አስቡት፤ አንድ የተራራ ገበሬ ማንበብ በማይችለው ቋንቋ የተጻፈ ድንጋይ በእርሻው ራስጌ ቆሟል። ኦክ ሲቆርጥ ማንም አይጠይቀውም። ከጎኑ ያለውን አርዝ ከነካ ግን የቄሣርን ንብረት ነክቷል።

ብዙ ጸሐፊዎች ሐድሪያንን ከጥንት ደን ጠባቂዎች አንዱ አድርገው ያመሰግኑታል። እኔ ግማሹን እቀበላለሁ። አንድ ገዥ ዛፍ ሊያልቅ እንደሚችል ተረድቶ ወሰን ማስቀመጡ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከእርሱ በፊት የነበሩት ይህን እንኳ አላደረጉም። ነገር ግን “ተከልሏል” ማለት “ለእኔ ተከልሏል” ማለት ነበር። ድንጋዩ መቁረጥን አልከለከለም፤ ቆራጩን መረጠ። ሮም ስትወድቅ ድንጋዮቹ በቦታቸው ቀሩ፤ የሚያስከብራቸው ግን ጠፋ። ዛሬ ብዙዎቹ ጽሑፎች የሚታዩት አንድም አርዝ በሌለበት ራቁት ቋጥኝ ላይ ነው።

ታዲያ እስከ ዛሬ የቆዩት ዛፎች እንዴት ቆዩ? እጅግ የታወቀው ዱር ብሻሪ ከምትባል ከተማ በላይ ያለው ነው፤ ሊባኖሳውያን “አርዝ አል-ረብ” ይሉታል፣ የጌታ አርዝ ማለት ነው። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አውሮፓውያን ተጓዦች እየወጡ ሽማግሌዎቹን ዛፎች መቁጠር ልማድ አደረጉ። ጀርመናዊው ሐኪም ራውቮልፍ በ1570ዎቹ ሃያ አራት በክብ የቆሙ፣ ሁለት ደግሞ ያረጁ ዛፎችን አገኘ። በ1697 በሐለብ የእንግሊዝ ነጋዴዎች ቄስ የነበረው ሞንድረል አሥራ ስድስት ቆጠረ። በ1810 ስዊዘርላንዳዊው ቡርክሃርት ሲደርስ ሽማግሌዎቹ አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ነበሩ። ቁጥሩ ሲወርድ ታያላችሁ። ነገር ግን ቡርክሃርት ወደ ታችም ተመለከተ፤ ከሽማግሌዎቹ ሥር ከሦስት መቶ በላይ ትናንሽ ዛፎች እንዳሉ ጻፈ። አርባ ዓመት የሚጠብቅ ዛፍ መሆኑን ካስታወሳችሁ፣ ያ ቁጥር ምን ማለት እንደ ሆነ ይገባችኋል። አንድ ሰው፣ ወይም አንድ መንደር፣ ለረጅም ጊዜ እጁን ሰብስቧል።

ተጓዦቹ ምክንያቱንም ጽፈዋል። የማሮናይት ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርኮች ከዚያ ዱር የሚቆርጠውን ሰው ያወግዙ ነበር። በየዓመቱ የደብረ ታቦር በዓል በዛፎቹ ሥር ይከበር ነበር፤ ሕዝቡ ከየመንደሩ ይወጣል፣ ያየውን ዛፍ በሚቀጥለው ዓመትም ያየዋል፣ አንዱ ቢጎድል ይታወቃል። በዛፍ ጥላ ሥር ስላለው ሥርዓታቸው የራሳችን አስተያየት ሊኖረን ይችላል። እኔ የማየው የዘበኞቹን ቅርበት ነው። ሐድሪያን አራት ዓይነት ከለለ፤ የብሻሪ ሰዎች አንድ ዱር ያዙ፣ እያንዳንዱንም ዛፍ ያውቁታል።

ያም ቢሆን ብቻውን አልበቃም። መጥረቢያው ሲቆም ፍየል መጣች፤ ፍየል የትናንቱን ዛፍ አትነካም፣ የነገውን ነው የምትበላው። በ1876 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ንግሥት በቪክቶሪያ ገንዘብ በዱሩ ዙሪያ የድንጋይ አጥር ተሠራ። በአጥሩ ውጭ ያሉት ደኖች እንዲህ ያለ ወዳጅ አልነበራቸውም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የኦቶማን ሠራዊት ለባቡር ማገዶ የተራራውን እንጨት አስጨፈጨፈ፤ በዚያው ዓመታት የተራራው ሕዝብ በረሃብ ያልቅ ነበር። የሹፍ አርዝ ክልል በ1996 ተከለለ፤ የብሻሪው ዱርና ከሥሩ ያለው የቃዲሻ ሸለቆ በ1998 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኑ። አርዙ በባንዲራቸው ላይ አለ። ሕግም አለ። ከ2019 ወዲህ ግን የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅና ማሞቂያ ነዳጅ መግዛት ሲያቅት፣ በተራራው የሚኖሩ ሰዎች ክረምቱን ለማለፍ ኦክና ጥድ ቆርጠው አነደዱ። ልጁ በብርድ ሲንቀጠቀጥ የሚያይ አባት ድንጋዩ ላይ ምን እንደ ተጻፈ አያነብም። በእርሱ ላይ ድንጋይ ለማንሣት እጄ አይታዘዘኝም።

አሁን ወደ አገራችን ልመልሳችሁ፤ ምክንያት አለኝ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 94፣ ከደን እንዳይቆረጡ በስም ለይቶ የከለከላቸው ዛፎች ነበሩ። ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ። አራት ዓይነት ዛፎች! ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ስለ ሐድሪያን ድንጋይ ሰምተው ነው ለማለት አይደለም፤ አጋጣሚ ነው። ግን ይህን ባነበብኩ ጊዜ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። ያ አዋጅ በሌሎች ተተክቷል፤ አንዱ በ1999፣ ሌላው በ2010 ዓ.ም. ወጣ። የ1986ቱ የተናገረው በዋናነት ስለ ደን እንጂ በአንድ አጥቢያ ግቢ ስለ ቆመ አንድ ጥድ አልነበረም፤ እኛም ሰንሰለት አልገባንም። ሆኖም ያን ዛፍ የጣልነው አገሪቱ በስሙ ጠርታ ተዉልኝ ካለች ከአሥር ዓመት በላይ አልፎ ነበር፤ ከገመዱ ሳቢዎች አንዳችንም አልሰማንም።

በወጣትነት ክፍላችን የነበረች አንዲት እህት አሁን ቤይሩት ትሠራለች። ባለፈው ዓመት አሠሪዎቿ ወደ ብሻሪ ይዘዋት ሄደው ፎቶ ላከችልኝ። አጥሩ ይታያል፤ ጎብኚው ከመንገዱ እንዳይወጣ ገመድ ተዘርግቷል። “አንድ ፍሬ ለእርስዎ ላነሣ ጎንበስ ስል ጠባቂው አፏጨብኝ፤ ደነገጥኩ” ብላ ጻፈችልኝ። ሳቅሁና ደግ አደረገ አልኳት።

ፎቶውን ይዤ ያቺን ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩትን እናት ልጠይቅ ሄድኩ። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። ስለ ጥዱ ስጠይቃቸው አልረሱትም። ቦታው የተገዛ ሰሞን የግቢው ዘበኛ የነበረው ሰው ነው የተከለው አሉኝ። በደርግ ጊዜ አዳራሹ ታሽጎ እህል ሲቀመጥበት፣ ሰውየው ሥራውን አጥቶ በሌላ ቤት ዘበኛ ሆነ። በጋ በጋ ግን ከእርሳቸው ጓሮ ውኃ እየቀዳ በአጥሩ ቀዳዳ ያጠጣው ነበር። “አንድ ቀን ትመለሳላችሁ እያለ ነበር የሚያጠጣው” አሉ።

ስሙን ጠየቅኋቸው። ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ፣ “ዘበኛው ነበር የምንለው ልጄ” አሉኝ፤ እጃቸውንም ወደ አዳራሹ ግድግዳ ዘርግተው፣ “እዚያ ጋ፣ እናንተ በስተግራ የምትቀመጡበት ጋ ነበር የሚቆመው” አሉ።